ፊልሙስ አባቱ ማነው?

እናቴ ዱብቲ ላይ የነበራትን ሻይ ቤት በ1986 ዓ.ም. ቪዲዮ ቤት አደረገችው። ግድግዳ አላፈረሰችም። በጅቡቲ በኩል ገብቶ ሎግያ ላይ የሚሸጥ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ገዛች፣ መስኮቶቹን በጆንያ ጋረደች፣ ጠረጴዛዎቹን አውጥታ አግዳሚ ወንበር ደረደረች፣ እኔን በር ላይ አስቀመጠችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ሃምሳ ሳንቲም መቀበል፣ መልስ መስጠትና ያልከፈለ ልጅ በጆንያው ቀዳዳ እንዳያጮልቅ መጠበቅ ነበር። ገበያ የወጡ አፋሮች ጊሌያቸውንና ዱላቸውን እኔ ዘንድ አስቀምጠው ይገባሉ፤ አንዳንድ ቀን ከኋላዬ የተደረደረው ጊሌ ፊልሙ ውስጥ ከሚታየው መሣሪያ ይበልጥ ነበር። ጥጥ ለቀማ የመጡት የወላይታና የከምባታ ልጆች ፊት ለፊት መሬት ላይ፣ የወሎ ሰዎች አግዳሚው ላይ፣ ሹፌሮች ደግሞ መሹለኪያ እንዲመቻቸው በሩ አጠገብ።

ሙቀቱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። በግንቦትና በሰኔ ዱብቲ ከአርባ ዲግሪ በላይ ትግላለች፤ ያቺ ክፍል ደግሞ ስድሳ ሰው ይዛ በጆንያ ታፍና ነው። አንድ ቬንትሌተር ነበረን፤ የሚዞረው ግን ለሰው ሳይሆን ለዴኩ ነበር። ሰው ሲሞቀው ወጥቶ ይገባል፣ ዴክ ከጋለ ካሴት ይበላል፤ የእናቴ ሒሳብ ይኸው ነበር።

የምናሳየው የህንድ ፊልም፣ የቻይና ካራቴና ራምቦ ነው። ከተመልካቹ መካከል የሚናገሩትን ቋንቋ የሚሰማ አልነበረም፤ እሰማለሁ የሚል አንድ የጥጥ መዳመጫ ሠራተኛ ግን ነበር፤ እሱ ሲተረጉም ራምቦ እንደ ወሎ ሰው «ኧረ በጌታ!» ይል ነበር።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የማይረሱኝ አንድ የአፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸው ነበር። እናቴ ገንዘብ ስለማትቀበላቸው የእሳቸው ክፍያ ጥያቄ ነበር። ፊልሙ አልቆ ሰው ሲበተን በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ያ የሚሮጠው ሰውዬ የማን ልጅ ነው?»

«አላውቅም ሐጂ።»

«ጎሳውስ?»

«አሜሪካዊ ነው።»

«ከብት አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ሊያስመልስ ነው የሚዋጋው?»

እናቴ ከውስጥ ትስቃለች፤ እኔ ግን ጥያቄው ያሳስበኝ ነበር። ዳጉን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሚጠይቁ ይገባዋል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው አንዱ ያየውንና የሰማውን በሙሉ ለሌላው ይነግራል፦ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደሞተ፣ እንግዳ ሰው በየት እንዳለፈ። የነገረው ሰው በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ወይም ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። አዛብቶ የተናገረ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ባገሩ ሁሉ የወሬ ታማኝነት የሚቆመው በዚህ ነው። ለሐጂ ራምቦ አባት የሌለው ዳጉ ነበር። ደስ ይላል፣ ይታያል፣ ግን ተቀብለህ ለሚቀጥለው ሰው አታሳልፈውም።

ዓመታት ቆይቶ ነው የአገራችን የመጀመሪያ ረጅም የአማርኛ ፊልም ስሙ ራሱ የሐጂ ጥያቄ እንደሆነ ያወቅሁት። «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል፤ በ1957 ዓ.ም. የተሠራ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ። ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ ነው። ያዘጋጀው ግን ላምብሮስ ጆካሪስ የተባለ ግሪካዊ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 የመጣው «ጉማ» የሚሼል ፓፓታኪስ ሥራ ነው፤ እሱም የግሪክ ዘር አለው። «ጉማ» ስለ ደምና ስለ እርቅ ነው፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው በኦሮሞ ባህል ካሳ ከፍሎ ከሟች ወገን ጋር የሚታረቅበት ሥርዓት ነው ስሙን የሰጠው። ሐጂ ያንን ፊልም ቢያዩት ኖሮ ጥያቄያቸው ይቀንስ ነበር ብዬ አስባለሁ። የአፋር ባህላዊ ሕግ፣ መድዓም፣ የደም ካሳን በከብት ቆጥሮ ያውቀዋል፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ፣ ምን ሊያስመልስ እንደሚሄድ ሁሉም ግልጽ ነው። የሚገርመው ግን ይህን ያህል የአገር ልጅ የሆነ ፊልም በግሪካዊ ስም መመዝገቡ ነው። ዛሬ የአገሪቱ ትልቁ የፊልም ሽልማት፣ ዮናስ ብርሃነ መዋ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው፣ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ፊልም ነው። ማንም «የባዕድ ነው» ብሎ አልተቃወመም።

እንዲህ ያለው የአባትነት ጥያቄ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ስለ እንግሊዞች ማንበብ ጀመርኩ።

እንግሊዞችን የመረጥኩት በቤተሰብ ጉዳይ ነው። የተንዳሆን የጥጥ እርሻ በ1950ዎቹ ያቋቋመው ሚቸል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፤ እርሻው በ1967 ዓ.ም. እስኪወረስ ድረስ አባቴ እዚያ መዳመጫ ላይ ይሠራ ነበር። ዱብቲ ራሷ የዚያ ጥጥ ልጅ ናት። አባቴ ሲያወራ እንግሊዞቹ ማታ ማታ ነጭ ሸራ ወጥረው ፊልም ያዩ ነበር ይላል፤ እሱም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የፊልሙን ጀርባ፣ ጽሑፉን ተገልብጦ አይቷል። አባቴ ወሬ ማሳመር ይወዳል፤ እኔ እንደነገረኝ ነገርኳችሁ።

እናም እነዚህ ሰዎች «የእንግሊዝ ፊልም ምንድን ነው?» ብለው መቶ ዓመት ያህል ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። መነሻው ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 እንግሊዝ ውስጥ ከሚታዩት ፊልሞች የአገሬው ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበር፤ የቀረው በአብዛኛው የአሜሪካ ነው። በ1927 ሕግ አወጡና ሲኒማ ቤቶችና አከፋፋዮች የግድ ይህን ያህል የእንግሊዝ ፊልም አሳዩ ተባሉ። ግዴታ ሲመጣ የግዴታ ሥራ ይመጣል፤ ቁጥር ለመሙላት በጥድፊያና በርካሽ የተጠፈጠፉ ፊልሞች ገበያውን ሞሉት፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ እያፈሩ ያነሷቸዋል። በዚያው ዘመን የእንግሊዝን ሲኒማ ያስከበረው ሰው ደግሞ አሌክሳንደር ኮርዳ ነው፤ የሃንጋሪ ተወላጅ። ጄምስ ቦንድን በ1962 ወደ ፊልም ያመጡት ሁለት ፕሮዲውሰሮችም አንዱ አሜሪካዊ፣ ሌላው ካናዳዊ ናቸው። ስለዚህ በግሪኮቻችን ማፈር አያስፈልገንም።

አሁን ያሉበትን ሳነብ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አንድ ፊልም እንግሊዛዊ መሆኑ የሚለየው በፈተና ነው። እንደ ሚኒስትሪ ፈተና ነጥብ አለው፦ ታሪኩ እዚያ አገር ከሆነ ይህን ያህል፣ ገጸ ባህርያቱ የአገሬው ከሆኑ ይህን ያህል፣ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ የተቀረጸው እዚያ ከሆነ፣ ባለሙያዎቹ ከዚያ ከሆኑ እያለ ይቆጥራል። ከ35 ነጥብ 18 ያገኘ አለፈ፤ ያለፈ ደግሞ የግብር ቅናሽ ያገኛል። ነገሩ ስለ ማንነት ይምሰል እንጂ ስለ ብርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓመቱ ምርጥ የእንግሊዝ ፊልም ተብሎ የተሸለመው «ግራቪቲ» ነው፤ ጠፈር ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት አሜሪካውያን ታሪክ፣ በሜክሲኮ ተወላጅ ዳይሬክተርና በሆሊውድ ገንዘብ። ግን ስቱዲዮውና ያ ሁሉ የኮምፒውተር ጥበብ እንግሊዝ ውስጥ ነበርና ልጁ የእኛ ነው አሉ።

በሌላ በኩል «ኬስ» አለ፤ ኬን ሎች እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው። የከሰል ማዕድን ከተማ ውስጥ የሚኖር አንድ ድሃ ልጅ ጭልፊት ያላምዳል። አባቱ ቤቱን ጥሎ ሄዷል፤ ወንድሙ ጉድጓድ ወርዶ ከሰል ይቆፍራል፤ እናቱ ሌላ ሐሳብ ላይ ናት። ልጁ የሚናገረው የአካባቢውን ዘዬ ነው፤ ለአሜሪካ ሲላክ አንዳንዱ ንግግር እንደገና ተቀድቷል፤ በገዛ ቋንቋቸው ማለት ነው። ሐጂ «ግራቪቲ»ን ቢያዩ ራምቦ ላይ ያነሱትን ጥያቄ ሁሉ ይደግሙት ነበር። «ኬስ» ላይ ግን ጥያቄያቸው ሁሉ መልስ ያገኛል፦ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ፣ ምን እንዳጣ። ጭልፊቱንም ከእኔ በላይ ይረዱት ነበር።

እኔ እንዲህ አየሁት፦ የእንግሊዝ ሲኒማ ሕግና ነጥብ ያስፈለገው አጥር ስለሌለው ነው። የሆሊውድና የእሱ ቋንቋ አንድ ነው፤ ትልቁ ጎረቤት ያለ አስተርጓሚ ይገባል፤ ተዋናዩንም፣ ዳይሬክተሩንም፣ ተመልካቹንም ይዞ ይሄዳል። እኛ ግን አማርኛ የሚባል አጥር ነበረን። መንግሥት ኮታ ሳያወጣ፣ የአገራችን ፊልም ቆሞ የሄደው ሰው በሚሰማው ቋንቋ ስለተናገረ ነው። ይህን የምለው በሩ ላይ ተቀምጬ ሳንቲም የሰበሰብኩ ሰው ሆኜ ነው። ህንዱ ቢያስለቅሰንም የሚናገረውን ከመዳመጫው ተርጓሚ ነበር የምንሰማው።

አጥሩ ግን ለብዙ ዘመን ባዶ ግቢ ነበር ያጠረው። በሴሉሎይድ መሥራት ውድ ነው፤ ጥሬ ፊልሙ ከውጭ ይመጣል፣ ለማጠብ ወደ ውጭ ይላካል። ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው ንጉሡ በሚወርዱበት ሰሞን ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ገበሬዎቹ ትክክለኛ ገበሬዎች ናቸው፣ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ጊዜው ራሱ ካሜራው ፊት ሲያልፍ ይታያል። ደርግ በ1978 ዓ.ም. የፊልም ኮርፖሬሽን አቋቋመ፤ ከዘጋቢ ፊልሞቹ ሌላ የሚጠቀሱት ልብ ወለድ ፊልሞች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ስርዓቱ በሚለወጥበት ሰሞን የወጣች ናት። ኋላም ኮርፖሬሽኑ ፈረሰ። አገሪቱ ሲኒማ ቤት ነበራት፣ ተዋናይ ነበራት፤ አገር ፍቅርና ብሔራዊ ቴአትር ያፈሯቸው ድምፀ መረዋዎች ነበሯት፤ ፊልም ግን አልነበራትም።

ነገሩን የቀየረው የሠርግ ካሜራ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሠርግና ልደት በሚቀረጽበት ዓይነት ቪዲዮ ካሜራ ረጅም ፊልም መሥራት ተጀመረ፤ የታጠቅ ታደሰ «ጉዲፈቻ»፣ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»። ናይጄሪያም በቪዲዮ ነበር የምትሠራው፤ እነሱ ግን ካሴቱን ገበያ ላይ እንደ ሽንኩርት ይሸጡት፣ ሰውም ቤቱ ወስዶ ያይ ነበር። የእኛዎቹ ሲኒማ ቤት አስገቡት። አምባሳደር፣ አምፒር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ራስ፣ ድሮ የህንድና የአሜሪካ ፊልም ያሳዩ የነበሩት አዳራሾች ለአማርኛ ፊልም ሰው ተሰለፈባቸው። ኋላ አለም ሲኒማ፣ ሴባስቶፖል፣ ኤድና ሞል መጡ። አንድ ፊልም ከተወደደ ወራት ይቆይ ነበር። ካሴት ወይም ቪሲዲ ሆኖ እንዲወጣ ባለቤቱ አይቸኩልም ነበር፤ በወጣ ማግስት ሌቦች አባዝተው መንገድ ላይ ያሰጡት ነበራ።

እኔ ለኮሌጅ አዲስ አበባ የሄድኩት በዚሁ ጊዜ ነው። «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን ለማየት ተሰልፌ የቆምኩበትን ፀሐይ አስታውሳለሁ። የዱብቲ ፀሐይ አይደለም፤ ግን ቆሞ መጠበቅ አድካሚ ነው። ስገባ ክፍሉ ጨለማ፣ ወንበሩ የሚታጠፍ፣ ስክሪኑ ግድግዳ የሚያህል። ተዋናይዋ አፏን ስትከፍት በአማርኛ ተናገረች። ይህ ሞኝነት ይመስላችሁ ይሆናል። በልጅነቴ ሁሉ ፊልም ማለት አፉ የሚንቀሳቀስ የማይሰማ ሰው ነበር፤ አስተርጓሚ ሳልፈልግ የሰማሁት የመጀመሪያው ፊልም ነው። ጉዳዩ ኤች አይ ቪ ነበር። ሎግያና ሚሌ ላይ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚያድሩበትን መንገድ አይታ ላደገች ልጅ ነገሩ ሩቅ አልነበረም።

ለእረፍት ስመለስ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ካሴቱን አመጣሽ?» ብላ ነው። አይገኝም አልኳት። አኮረፈች። በዚያ ምሽት ዴኩ ተበላሽቶ ነበርና ሰዎቹ በሩ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ፊልሙን ተረክሁላቸው። ሐጂም ነበሩ፤ ጎብጠው፣ ምርኩዝ ይዘው። እኔ የዳጉ ልጅ ባልሆንም የዳጉን ደንብ አውቃለሁና በዓይኔ ማየቴን፣ የት እንዳየሁ፣ መቼ እንዳየሁ አስቀድሜ ተናገርሁ። ደስ አላቸው።

«ልጅቱ የማን ናት?» አሉኝ ግማሽ ላይ ስደርስ።

«የአዲስ አበባ ናት ሐጂ።»

«አዲስ አበባ የማን ጎሳ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ያየሁትን የአማርኛ ፊልም ሁሉ ያየሁት በዚያ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ትክክል ነበሩ፤ የፊልሙ ጎሳ አዲስ አበባ ነበር።

ይህ የሆነው በክፋት አይደለም። ፊልሙን ይመግብ የነበረው በሲኒማ ቤት በር የሚገባው ብር ነው፤ በሩ ደግሞ የነበረው አዲስ አበባ ነው። ትኬት የሚቆርጡት ተማሪዎች፣ ፍቅረኞች፣ ከሥራ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ታሪኩ ቦሌ ቪላ ውስጥ ይሆን ነበር፤ ሀብታም ወንድ፣ ድሃ ሴት፤ ወይም ግልባጩ። ካፌ፣ ታክሲ፣ ሆስፒታል ኮሪደር። ፖስተሩ ላይ ራሱ ምን እንደምታዩ ይጻፍ ነበር፦ «የፍቅር ፊልም»፣ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም»፣ «የቤተሰብ ፊልም»፣ «ልብ አንጠልጣይ»። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የአድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ» ሳቅ እንደሚሸጥ ካሳየ በኋላ አስቂኝ የፍቅር ፊልም እንደ አሸን ፈላ። ብዙዎቹ ደካማ ነበሩ፤ መብራቱ የሚያሳውር፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ። ሰው የሚያወራው ቴአትር መድረክ ላይ እንዳለ ነው፤ ተዋናዩ ዝም ማለትን ይፈራል። ቢሆንም አልንቃቸውም። በአገሬው ሰው የትኬት ገንዘብ ብቻ በዓመት ብዙ ፊልም መሥራት ቀላል ነገር አይደለም፤ የእንግሊዝ ፊልም ሠሪ እንኳ ያንን ዕድል የሚያልመው ነው። የይድነቃቸው ሹመቴን «ስርየት»፣ የቅድስት ይልማን «ረቡኒ» ያየ ሰው ከዚያ ግርግር መካከል ጥሩ ነገር ሊወጣ እንደሚችል ያውቃል።

ሌላ በርም አለ፤ የውጭው በር። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ፣ በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ ተሸለመ፤ ይህን ለመሥራት ግን ከተለያየ አገር ገንዘብ ሲለቅም ዓመታት ፈጅቶበታል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ላይ በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ ነው፤ ገንዘቡ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኖርዌይ እያለ ይቀጥላል። በእንግሊዞቹ ፈተና ብናርመው ያልፋል አያልፍም? ልጁ የእኛ፣ ቋንቋው የእኛ፣ ተራራው የእኛ፤ ኪሱ የእነሱ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ የሐጂን ጥያቄ ፍርድ ቤት አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጳጉሜን ሊገባ አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ፣ ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ በእግድ ቆመ፤ ክርክሩ ከእውነተኛዋ ባለታሪክ መብት ጋር የተያያዘ ነበር። ልጅቱ የማን ናት? ታሪኩስ የማን ነው? እግዱ ኋላ ተነሣ። እኔ ግን ዜናውን ስሰማ ሐጂ ከመቃብር የተነሡ መስሎኝ ነበር።

በሁለቱም በር አፋር ብዙ አይገባም። በአዲስ አበባው ፊልም በረሃው ስደተኛ የሚሻገረው፣ ሹፌር የሚያልፈው ነገር ነው። ከውጭ የሚመጡት ካሜራዎች ወይ ሉሲን ፍለጋ ሐዳር ይወርዳሉ፣ ወይ «በምድር ላይ እጅግ ሞቃቱ ቦታ» እያሉ ዳሎልን ይቀርጻሉ፤ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2009 የሠራው ዝግጅት ርዕሱ ራሱ ይኸው ነው። እኛ እዚያው እንኖራለን፤ ሞቃት መሆኑን እናውቃለን፤ ሌላም የምናውቀው አለ።

የእናቴን ቪዲዮ ቤት በመጨረሻ ያኖረው እንግሊዝ ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፊልም ማየት የሚፈልግ በቪሲዲ ቤቱ ማየት ጀመረ፤ እናቴ ዲሽ አስተከለችና ፕሪሚየር ሊግ ማሳየት ያዘች። የጥጥ ለቃሚው፣ የተንዳሆ ስኳር ፕሮጀክት ሠራተኛ፣ የአፋሩ ወጣት በአርሴናልና በማንቸስተር ተከፍሎ ይጮህ ነበር። ዱብቲ ላይ ስለ እንግሊዝ ሲኒማ ብትጠይቁ መልስ የሚሰጣችሁ የለም፤ ስለ ኳስ ተጫዋቹ ሮኒ ብትጠይቁ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ሳይቀር ይነግሯችኋል። ሐጂ ሮኒን ሳያዩ ነው ያረፉት።

ቪዲዮ ቤቱ የተዘጋው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ ጉልበቷ ደከመ፣ ሰውም በየቤቱ ዲሽ ሰቀለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቃና ቴሌቪዥን መጣና የቱርክ ተዋንያን በአማርኛ መናገር ጀመሩ። ያኔ ነው አጥሩ የፈረሰው። የቦስፎረስ ቪላ ከቦሌ ቪላ ይበልጣል፤ መብራቱ አያሳውርም፣ ድምፁ ከጉድጓድ አይወጣም፤ እነሱም «እወድሻለሁ» የሚሉት በአማርኛ ሆነ። እናቴ ከሰመራ የመጣች ጎረቤታችንን አስቀምጣ በየማታው ታየው ነበር፤ ጎረቤታችን አፋር ናት፣ አማርኛዋን ያቃናችው በቱርክ ድራማ ነው ማለት ይቻላል። የአማርኛ ፊልም ሠሪዎች በጣም ጮኹ፤ አንዳንዱ ጩኸት ከቅናት ነው፣ አንዳንዱ እውነት አለው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1926 የደረሰባት ለእኛ በዘጠና ዓመት ዘግይቶ ደረሰ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሲኒማ ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ብዙው ፊልም ወደ ዩቲዩብ ዞረ። በሩ ከአዲስ አበባ አዳራሽ ወደ እያንዳንዱ ሰው ኪስ ገባ ማለት ነው። ለዱብቲ ይህ መርዶ አይደለም። ድሮ ዓመት ይፈጅ የነበረው ፊልም አሁን ከአዲስ አበባ እኩል ይደርሰናል፤ ኔትወርክ ካለ። አፋርኛ ክሊፕና አጭር ድራማም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ ጥራቱ የሠርግ ካሜራውን ዘመን ያስታውሰኛል፤ ተዋናዩ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል።

አሁን ሰመራ እኖራለሁ፤ እናቴን አምጥቻታለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ መብራት ሄዶ የላፕቶፑ ባትሪ ብቻ ቀርቶን፣ «ክራምብስ»ን አሳየኋት። ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ነው፤ ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለ ዘመን ታሪክ፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይጫወቱበታል፤ ሰማይ ላይ የቆመ ዝገታም የጠፈር መርከብ አለ። ሰላም ተስፋዬን እናቴ በአስቂኝ ፊልሞቿ ታውቃታለች፤ እዚህ ምን ልትሠራ ገባች ብላ ተናደደች። ፊልሙ ሲጀምር ዳንኤል ቢጫና አረንጓዴ በሆነ መሬት ላይ ብቻውን ይሄዳል። ዳሎል ነው። ፊልሙ ሌላ ዓለም ያደረገው የእኛኑ ክልል ነው።

እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ቀረበች። አንድ ጊዜ ከነጋዴ ጋር በርሃሌ ድረስ ሄዳ አሞሌ የጫኑ ግመሎች ሰልፍ ሠርተው ሲመጡ አይታለች፤ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

«ይኼ ጨው የሚቆረጥበት አገር አይደለም?» አለችኝ።

«ነው።»

«ጨው ቆራጮቹስ?»

«ዓለም ጠፍታለች እኮ እማ፤ ሰው አልቋል።»

ትንሽ ዝም ብላ አየች። ባትሪው አሥራ ሁለት ከመቶ ቀርቶታል።

«እስቲ ወደኋላ መልሺው፤ ከጥጉ ግመል ያለፈ መሰለኝ» አለች።

መለስኩላት።